መጽሐፉ ላይ የሌለችው ደም ቅዳ

በአናቶሚ ፒኤችዲ እማራለሁ ስትሉ ሰው ቀኑን ሙሉ ከሬሳ ጋር የምትውሉ ይመስለዋል። እንደዚያ ቢሆን በወደድኩ! አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው በማስተማር፣ ፕሮፖዛል በማረምና የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ በመጠበቅ ነው። ገና ሳንመረቅ ተማሪዎቹ “ዶክተር” ይሉናል። እኛም አናርማቸውም።

የእኔ ጥናት በክንድ ደም ቅዳዎች ላይ ነበር። መጽሐፍ እንደሚለው ከብብት የሚወርደው ዋናው ደም ቅዳ ክርን መታጠፊያ ጋ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ገና ከላይ ይከፈልና አንዱ ቅርንጫፍ ከጡንቻዎቹ በላይ፣ ቆዳ ሥር ይወርዳል። እንዲህ ያለ ልዩነት ብርቅ አይደለም። አውራ ጣታችሁንና ትንሿን ጣታችሁን አገናኙና መዳፋችሁን ወደ ውስጥ አጠፍ አድርጉት። አንጓው መሃል ቀጭን ጅማት ብቅ ይላል። ካልወጣ አትደንግጡ፤ መማሪያ መጻሕፍት ከመቶ 14 ሰው ገደማ የዚህ ጅማት ጡንቻ የለውም ይላሉ።

አስከሬን እዚህ እንደልብ አይገኝም። በአብዛኛው የሚመጣልን ጠያቂ ያጣ ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ክንድ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሌላ ጠረጴዛ ላይ እያስረዳሁ ጭቅጭቅ ሰማሁ። አንዷ ተማሪ ወደ ሕክምና ከመግባቷ በፊት ነርስ ነበረች። “ይቺ ደም መልስ አይደለችም፤ ስትጫናት ትጠነክራለች” ትላለች። የቡድኑ መሪ አትላሱን፣ የአናቶሚ ሥዕል መጽሐፉን፣ ዘርግቶ “እዚህ ቦታ ደም ቅዳ የለም” ይላል። መቀሱ እጁ ላይ ነው። ጡንቻው እንዲታይ ትንንሽ ደም መልሶችን ቆርጦ ማንሳት የተለመደ ስለሆነ፣ ልጁ ከልማዱ አልወጣም። የጥንቱ ሐኪም ጋሌንም እንስሳ ከፍቶ የሰው የታችኛው መንጋጋ ሁለት አጥንት ነው ብሎ ነበር። በ1543 (እ.ኤ.አ.) የአናቶሚ ሊቁ ቬሳሊየስ አንድ ነው ብሎ እስኪጽፍ ድረስ፣ ሐኪሞች ከ1,300 ዓመት በላይ የእሱን ቃል ይዘው ቆዩ። የእኛ ልጅ ገና አንደኛ ዓመት ነው።

ልጅቷ ጋሼን ጠራቻቸው። ቴክኒሻኑን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ምንም ሳይናገሩ የግራ ክንዱን በእርጥብ ጨርቅ ሸፈኑትና “ዶክተር፣ ና እስቲ” አሉኝ። ግድግዳዋ ወፍራም ነው፣ ቀዳዳዋም ክፍት። ደም መልስ እንደዚህ አይሆንም፤ ጠፍጣፋ ይሆናል። ወደ ላይ ስከተላት ከዋናው ደም ቅዳ ክንድ መሃል ላይ ተነስታለች።

“ቀኙስ?” አልኩ። ዝም ተባለ። የቀኙን ጠዋት ቆርጠው ጥለውታል።

ደግነቱ ጋሼ ከእያንዳንዱ አስከሬን የሚወጣውን ቁራጭ ከገላው ጋር እንዲቀበር ለየብቻው ያስቀምጣሉ። ከዕቃው ውስጥ ተመሳሳይ ቁራጭ ተገኘ። እኔም ደስ ብሎኝ “በሁለቱም ክንድ አለ” ብዬ ልጽፍ ለአማካሪዬ ደወልኩ።

“ከየት ተነሳች?” አሉኝ።

“አልታየም።”

“እና ያየኸው ክንድ ነው ወይስ ቁራጭ?”

ግራው ተመዘገበ። ቀኙ “ሊመረመር አልቻለም” ተባለ። ተናድጄ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ልክ ናቸው። ያላየኸውን መነሻ ገምተህ ከጻፍክ፣ ነገ ሌላው አንተን ጠቅሶ ይጽፋል።

በኋላ ልጅቷን እንዴት እንዳወቀች ጠየቅኳት። ሆስፒታል እያለች ጓደኛዋ ክርን መታጠፊያ ላይ ካኑላ (መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ) ስታስገባ ደማቅ ቀይ ደም እየዘለለ መጥቷል። መድኃኒት ሳይሰጥበት ነቀሉት። እንዲህ ያለ ቦታ መድኃኒት ደም ቅዳ ውስጥ ከገባ እጅ ሊያሳጣ ይችላል። ከዚያ ወዲህ ሳትዳስስ ወግታ አታውቅም። አሁን በእኛ ክፍል የትኛውም ቡድን የደም ሥር ከመቁረጡ በፊት መነሻዋንና መድረሻዋን ያሳያል። ሥራው ይንቀረፈፋል፤ ተማሪዎቹም ያማርራሉ።

የመመረቂያ ጽሑፌን ስከላከል አንድ ፈታኝ የቀኝና የግራ ክንዶች ቁጥር ለምን እኩል እንዳልሆነ ጠየቁኝ። ታሪኩን ነገርኳቸው። ሳቅ አሉና “እኛ ጋ ቢሆን ዕቃውንም ይደፉት ነበር” ብለው ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ።