ዶኪንግ መማር፣ 3ኛ ሳምንት፦ ኪሱ የት ሄደ?

ሰላም ጓዶች፣ እንዳልኳችሁ ዶኪንጉን (መድሃኒት ፕሮቲን ላይ የትና እንዴት እንደሚገባ በኮምፒውተር መገመት) ቀጥያለሁ። የያዝኩት የኤችአይቪን ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ነው፣ ቫይረሱ አርኤንኤውን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጥበት ኢንዛይም ነው ግን ዶኪንግ ላይ ፕሮቲኑን ሁሉ ሪሴፕተር ነው የምንለው። ኔቪራፒንና ሪልፒቪሪንን (ሁለቱም ይሄን ኢንዛይም የሚያግዱ የኤችአይቪ መድሃኒቶች ናቸው) ላወዳድር ብዬ ምንም መድሃኒት ያልያዘውን ስትራክቸር አውርጄ ቪና (የዶኪንግ ሶፍትዌር) ላይ ጫንኩት፣ ሁለት ቀን ሙሉ ቦክሱን (ሶፍትዌሩ የሚፈልግበትን ቦታ) ባሰፋው ባጠበው ባንቀሳቅሰው ሁለቱም መድሃኒቶች ላዩ ላይ ነው የሚለጠፉት። በኋላ ሳነብ ለካ ኪሱ (መድሃኒቱ የሚገባበት ጉድጓድ) ባዶው ኢንዛይም ላይ የለም! 181ኛውና 188ኛው አሚኖ አሲድ፣ ሁለቱም ታይሮሲን፣ ወደ ውስጥ ዞረው ቦታውን ሞልተውታል፣ መድሃኒቱ ሲመጣ ነው ተገልብጠው የሚለቁለት። ክላስ ላይ የፊሸርን ቁልፍና ቀዳዳ (1894፣ ሞለኪውሉ በልኩ የተዘጋጀ ቦታ ውስጥ ይገባል) እና የኮሽላንድን ኢንዲዩስድ ፊት (1958፣ ሞለኪውሉ ሲመጣ ፕሮቲኑ ቅርጹን ይቀይራል) ለፈተና ሸምድጄ ነበር ያለፍኩት፣ አሁን ነው በአይኔ ያየሁት።

ከዛ ኔቪራፒን የያዘውን ስትራክቸር ወሰድኩ፣ መድሃኒቱን አውጥቼ መልሼ ዶክ ሳደርገው ቦታው ላይ ቁጭ አለ፣ አርኤምኤስዲው (ከትክክለኛው ቦታ በአማካይ የራቀበት ርቀት) ከ2 አንግስትሮም በታች። ሪልፒቪሪንን እዛው ሳስገባ ግን እምቢ፣ ምክንያቱም ኪሱ በኔቪራፒን ልክ ነው የቀረው።

በጣም የገረመኝ ደግሞ ይሄ ነው። ኔቪራፒን ቀለበቶቹ የተያያዙ ድርቅ ያለ ሞለኪውል ነው፣ የሚዞር ቦንዱ 1 ብቻ፣ ሪልፒቪሪን 5 አለው። እኔ ድርቅ ያለው ይሻላል ብዬ ነበር የማስበው፣ የሚዞር ቦንድ ሲታሰር ኢንትሮፒ (የመንቀሳቀስ ነፃነት) ይከፈልበታላ፣ 1.4 ኪሎካሎሪ በሞል ብቻ ብታጡ እኮ አፊኒቲው (ኢንዛይሙን የሚይዝበት ጥንካሬ) ወደ 10 እጥፍ ይወርዳል። ግን ቫይረሱ ይቀየራል! 181ኛው ታይሮሲን ወደ ሲስቴይን ሲቀየር ኔቪራፒን የሚደገፍበት ቀለበት ይጠፋል፣ እሱ ደሞ መታጠፍ አይችልም፣ በቃ መድሃኒቱ አይሰራም (ኤአርቲ፣ የኤችአይቪ ህክምና፣ ክሊኒክ የሰራችሁ ታውቁታላችሁ)። ሪልፒቪሪን ግን ትንሽ ጠመም፣ ትንሽ ሸርተት ይልና 183ኛውን ታይሮሲን ይይዛል። እንደዛም ሆኖ የማይበገር አይደለም፣ 138ኛው ግሉታሜት ወደ ላይሲን ሲቀየር እሱም ይዳከማል።

አሁን የ181ኛውን፣ የ188ኛውንና የ229ኛውን አሚኖ አሲድ ሳይድ ቼይን (የጎን ሰንሰለት) ፍሌክሰብል (እንዲንቀሳቀስ) አድርጌ ሪልፒቪሪንን እንደገና እያስኬድኩ ነው፣ ከበፊቱ በጣም ይቆያል፣ ማታ ከፍቼው ነው የምተኛው። ፍሌክሰብል ሳይድ ቼይን የሞከራችሁ ካላችሁ ኤግዞስቲቭነሱን (ሶፍትዌሩ ምን ያህል አጥብቆ እንደሚፈልግ) ስንት ላይ እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ፣ እኔ 32 ላይ ነኝ፣ ፖዙ (መድሃኒቱ የሚቀመጥበት አኳኋን) በሮጠ ቁጥር ይለያይብኛል።