የአባቴን ደብተር ቤቴ ውስጥ አትሜ የጠረዝኩበት መንገድ

አባቴ የልጅነቱን ታሪክ በአንድ ደብተር ጽፎልን ነው ያረፈው። ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ለዘመድ የሚበቃ 20 ቅጂ በትንሽ መጽሐፍ መልክ ላዘጋጅ ብዬ ተነሣሁ። ያለኝ አንድ በኩል ብቻ የሚያትም ጥቁርና ነጭ ሌዘር ፕሪንተር ነው።

መጀመሪያ ጽሑፉን በኮምፒውተር በኤ4 ገጽ ተይቤ ነበር። ኤ4 ለሁለት ሲታጠፍ ኤ5 ስለሚሆን ፊደሉ ወደ 71 በመቶ ይወርዳል፤ መጠኑ 12 የነበረው 8 ተኩል ገደማ ሆኖ ወጣ። የእኛ ፊደል ደግሞ ሲያንስ «ቡ»ን ከ«ቢ» የምትለየው ጭረት ትጠፋለች። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ሞከረችና «ልጄ፣ አልታይ አለኝ» አለችኝ። ስለዚህ ገጹን ከመነሻው ኤ5 አድርጌ እንደገና አሰናዳሁት። እናንተም ከዚህ ጀምሩ።

ታጥፎ በሁለቱም ፊት የሚታተም አንድ ወረቀት 4 ገጽ ስለሚይዝ፣ የገጹ ብዛት ለ4 መካፈል አለበት። የኔው 30 ስለነበር ሁለት ገጽ ጨምሬ 32 አደረግሁት፤ 8 ወረቀት ማለት ነው። በአንድ ፊት ላይ ጎን ለጎን የሚወጡት ገጾች ሲደመሩ ሁልጊዜ 33 ይመጣሉ፦ 32 ከ1፣ 2 ከ31፣ መሃል ላይ 16 ከ17። ስሕተት የምይዘው በዚህ ድምር ነበር።

ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርጌ፣ ፒዲኤፍ በሚከፍተው አክሮባት ሪደር ፕሮግራም ማተሚያ ላይ «ቡክሌት» የሚለውን፣ ማለትም ገጾቹን ለሚታጠፍ መጽሐፍ የሚደረድረውን፣ መረጥኩ፤ መጀመሪያ የፊቱን ብቻ፣ ቀጥሎ የጀርባውን። ችኮላዬ ግን ዋጋ አስከፈለኝ። የ10 ቅጂ ፊት በአንዴ አትሜ 80ውን ወረቀት ለጀርባው መለስኩት። መንገድ ላይ ፕሪንተሩ ሁለት ወረቀት አጣብቆ ሳበ፤ ከዚያ ወዲያ የወጣው ሁሉ በአንድ ወረቀት ተዛነፈ። በአባቴ የትምህርት ቤት ታሪክ መሃል የሠርጉ ቀን ገባ። ያን ሁሉ ወረቀት ስጥል ሆዴ ተላወሰ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቅጂ ሳልጨርስ ሌላ አልጀመርኩም። ከፕሪንተሩ ትኩስ የወጣ ወረቀት ስለሚጠቀለል ቀዝቅዞ እስኪዘረጋ እጠብቃለሁ፤ እንዳይጣበቅም አራግፌ ነው የምመልሰው። በየት በኩል እንደሚገለበጥ ለማወቅ አንድ ወረቀት ጥግ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጌ ሞከርኩና ውጤቱን ፕሪንተሩ ላይ ለጠፍኩ።

ተራ ስቴፕለር እጥፋቱ ድረስ አይደርስም። የእናቴን የስፌት ወስፌ አውጥቼ እጥፋቱ ላይ ሦስት ቀዳዳ በሳሁ። ክሩን ጧፍ ላይ ሳብ ሳብ አድርጌ ሰም አስያዝኩት። ከውስጥ በመሃለኛው ቀዳዳ አውጥቼ፣ በላይኛው አስገብቼ፣ በታችኛው አውጥቼ፣ በመሃለኛው መልሼ ውስጥ ቋጠርኩት። የመሃሉ ቅጠሎች ጥቂት ወደ ውጭ ይገፋሉና ጠርዙን በብረት ማስመሪያና በአዲስ ምላጭ ቀስ እያልኩ አስተካከልኩ።

አክስቴ የራሷን ቅጂ ከወሰደች በኋላ ለልጇ አንድ ጠየቀችኝ። ያን ማታ 8 ወረቀት ቆጥሬ 21ኛውን ሰፋሁላት።