ጀርባው ላይ የራስ ቅል ያለው የእሳት እራት

ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ፣ ብቻ ከተማው አልቆ ማሳ በሚጀምርበት አካባቢ የምትኖሩ፣ ማታ የበረንዳ መብራት ላይ አንድ ግዙፍ የእሳት እራት ከመጣባችሁ እባካችሁ መጥረጊያ አታንሱበት። ሰሞኑን እኛ ግቢ ሲያርፍ ጎረቤቴ "በስመ አብ!" ብላ በሯን ዘጋች። አልፈርድባትም። ከጭንቅላቱ ዝቅ ብሎ ሁለት ጥቁር ዓይን ያለው የሰው ራስ ቅል የመሰለ ምልክት አለው። ግን ምልክት ብቻ ነው። ሰው አይነድፍም፣ አይናከስም።

የስልኬን መብራት አብርቼ ጠጋ ብዬ አየሁት። የፊት ክንፉ ጥቁር ቡናማ ዥንጉርጉር ነው፤ የዛፍ ግንድ ላይ ቢሆን አይታይም ነበር። ጉዱ ክንፉን ሲገልጥ ነው፦ የኋላ ክንፉ ደማቅ ቢጫ፣ ሆዱ ቢጫና ጥቁር፣ መሀል ለመሀል ደግሞ ሰማያዊ ቀመስ ግራጫ መስመር። ሲዘረጋ እስከ 13 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ነካ ሲያደርጉት ሲጥ ሲጥ ይላል፤ አየር ወደ ጉሮሮው ስቦ መልሶ ሲያስወጣ ልክ እንደ አኮርዲዮን ድምፅ ይሰጣል።

ሳይንሳዊ ስሙ አኬሮንቲያ አትሮፖስ ነው። ማር ይወዳል። ማታ ቀፎ ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባና በአጭርና ጠንካራ መምጠጫው ሰሙን በስቶ ይጠጣል፤ ንቦቹ ዝም የሚሉት ሽታው የራሳቸውን ስለሚመስል ነው። ቀፎ ያላችሁ መግቢያውን ጠበብ ብታደርጉት ይበቃል።

አገሩ አፍሪካ፣ መካከለኛው ምሥራቅና የሜዲትራንያን ዳርቻ ነው። ግን እዚያ አይወሰንም፣ በየዓመቱ ባሕር አቋርጦ አውሮፓ ይዘልቃል። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ላይ ተመራማሪዎች ጀርመን ውስጥ ትንንሽ ማሰራጫ ለጥፈውባቸው በአነስተኛ አውሮፕላን ሌሊቱን ተከተሏቸው፤ ነፋስ እየገፋቸው እንኳ መስመራቸውን አልሳቱም። ይሄን ሁሉ የሚችል ፍጥረት በረንዳ ላይ በጫማ ሲጨፈለቅ ያሳዝነኛል።

አባጨጓሬው የድንች ቅጠል ይበላል። ወፍራም ነው፣ ጎኑ ላይ ሰያፍ መስመሮች፣ ጭራው ላይ ጠመዝማዛ ቀንድ አለው። ቁጥሩ ብዙ ስለማይሆን ማሳ አያጠፋም። ድንች ስትቆፍሩ ጣት የሚያክል፣ የሚያብረቀርቅ ቀይ ቡናማ ነገር አፈር ውስጥ ካገኛችሁ አባጨጓሬው ወደ እሳት እራትነት እየተለወጠ ሊሆን ስለሚችል መልሳችሁ አፈር አልብሱት።