ከመንሽ እስከ ጦር፦ ለድርቆሽ ጥቅል የትራክተር ሹካ ስመርጥ የተማርኩት

ትራክተር ከያዝኩ ይኸው ሁለተኛ ወቅቴ ነው። እስካሁን ካወቅሁት አብዛኛው በስህተት የመጣ ስለሆነ ለራሴ ብቻ ልይዘው አልፈልግም። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ትልልቅ የድርቆሽ ጥቅሎችን ለማንሳት ሎደሩ (ትራክተሩ ፊት ያለው ማንሻ ክንድ) ላይ ምን ይገጠም? ስጀምር የአንድ ከሰዓት ምርጫ መስሎኝ ነበር። ሦስት ዕቃ ገዝቼ፣ በአንዱ ባኬቴን (የሎደሩን አካፋ) አጣምሜ፣ እሱኑ መልሼ ሸጬ ነው እዚህ የደረስኩት።

በፊት የምሠራው በትንንሾቹ አራት ማዕዘን እስሮች ነበር። አንዱ 20 ኪሎ ገደማ ነው። ገመዱን ይዞ ብድግ ማድረግ፣ የፈረሰውን በመንሽ ሰብስቦ መጫን፣ በቃ። ወገብ ይቆርጣል እንጂ አያስፈራም። ክቡ ጥቅል ግን ሌላ ዓለም ነው። ቆሞ ሲያዩት የዋህ ይመስላል። መንከባለል ከጀመረ በኋላ ግን ፊቱ የሚቆም ሰው የለም፣ መቆምም የለበትም።

መጀመሪያ የገዛሁት የፓሌት ሹካ ነበር። ያው ፎርክሊፍት ላይ የምናየው ባለ ሁለት ጣቱ ነው። ምክንያቴን ትገምቱታላችሁ፤ "ለሁሉም ይሆናል።" እንጨት ያነሳል፣ ከረጢት ያነሳል፣ ድርቆሽም ያነሳል። እውነት ነው፣ ያነሳል። ችግሩ አነሳሱ ላይ ነው።

አንድ ጠዋት ጥቅሉን በሚንከባለልበት ጎኑ በኩል ቀረብኩት። ጣቶቹን ከሥሩ አስገባሁ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ቀለስ አደረግኩት፣ ሁለተኛ ድርብ ላይ ልቆልለው ከፍ አደረግኩ። የእኔ ሎደር ዕቃውን በራሱ አግድም ይዞ የሚወጣ ዓይነት አይደለም። ክንዱ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ሹካው ወደ ሹፌሩ እየተጋደመ ይመጣል፤ በጆይስቲኩ (በመቆጣጠሪያ ዘንጉ) እያስተካከሉ መውጣት ያስፈልጋል። እኔ የማየው ቁልሉን ነበር። ጥቅሉ አንዴ ነቅነቅ አለ፤ ከዚያ በጣቶቹ ላይ ተንከባሎ መጣና የሹካውን ጀርባ ገጨው። ጀርባው አጭር ነበር፣ ከጥቅሉ ወገብ አያልፍም። ግማሹ ከጠርዙ በላይ ወደ እኔ አጎንብሶ ቆመ። ገለባ ፊቴ ላይ ረገፈ። እጄ ጆይስቲኩ ላይ ደርቆ ቀረ። ስንት ሰከንድ እንደሆነ አላውቅም፤ ከዚያ ጥፍር በምታክል መጠን ቀስ እያልኩ አወረድኩት።

ያን ቀን ሥራ አቆምኩ። ማታ ሳስበው ይበልጥ ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። ከወንበሬ ጀርባ ያለው የመገልበጥ መከላከያ ሁለት ምሰሶ ነው። ቀበቶ ከታሰረ፣ ትራክተሩ ቢገለበጥ ያተርፈኛል። በክንዱ ላይ ተንሸራቶ ከፊት የሚመጣን ጥቅል ግን አያስቆምም። በየአገሩ ሹፌሮች የሚሞቱበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው።

በፓሌት ሹካ መሥራት የግድ ለሆነባችሁ፣ መፍትሔው አቀራረቡ ላይ ነው። በሚንከባለለው ጎን ሳይሆን በጠፍጣፋው ፊት በኩል ግቡ። ያኔ ጣቶቹ ከጥቅሉ ግራና ቀኝ ከሥር ይገባሉ፣ ሆዱ በመካከላቸው ይወርዳል፣ ሕፃን በሁለት ክንድ እንደመታቀፍ ነው። ወደ ጎን አይንከባለልም፣ ወደ እናንተም ተንከባሎ አይመጣም። 1.5 ሜትር ዲያሜትር ላለው ጥቅል ጣቶቹን 85 ሴንቲሜትር ያህል አራርቄ ነው የምይዘው። ጣቶቹን አጥብባችሁ ካስገባችሁ ጥቅሉ ላያቸው ላይ ይቀመጥና መወዛወዝ ይጀምራል።

ይህን ለአንድ በሥራው ላረጁ ኦፕሬተር ነገርኳቸው። ከሹካ ይልቅ ጦር፣ ማለትም ጥቅሉን ወግቶ የሚያነሳ ሹል ብረት ልግዛ ወይ አልኳቸው። ሳቁና፣ "ልጄ፣ ሹካውን ተወውና ኋላህን አይተሃል?" አሉኝ። አልገባኝም። ለካ የጠየቁኝ ከትራክተሩ ጀርባ ምን ክብደት እንዳለ ነው። ምንም አልነበረም።

ሒሳቡን ቁጭ ብዬ የሠራሁት ከዚያ በኋላ ነው። መሥራት የነበረብኝ ሹካውን ከመግዛቴ በፊት ነበር። ደረቅ ድርቆሽ ተጠቅልሎ በአንድ ሜትር ኩብ ከ150 እስከ 200 ኪሎ ቢመዝን እንበል። ስፋቱም (ከአንዱ ጠፍጣፋ ፊት እስከ ሌላው) ዲያሜትሩም 1.2 ሜትር የሆነ ጥቅል 1.36 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ከ200 እስከ 270 ኪሎ ማለት ነው። ስፋቱን ሳትነኩ ዲያሜትሩን ብቻ ወደ 1.5 ሜትር አሳድጉት። በዓይን ሲታይ "ትንሽ ወፈር ያለ" ነው። ይዘቱ ግን 2.1 ሜትር ኩብ ይሆናል፣ ክብደቱም ከ320 እስከ 420 ኪሎ ይደርሳል። በ30 ሴንቲሜትር ውፍረት ከግማሽ በላይ ጨመረ! "ያንን አንስቷል፣ ይህንንም ያነሳል" ማለት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የሎደሩን መመሪያ ገለጥኩ። ሻጩ የነገረኝ 900 ኪሎ ያነሳል ብሎ ነበር። አልዋሸም። 900ው ግን ዕቃው የሚገጠምበት ፒን ላይ ነው። ከፒኑ 50 ሴንቲሜትር ወደ ፊት ሲለካ ቁጥሩ 650 ይላል። ከዚያ ላይ የሹካው የራሱ ክብደት ይቀነሳል። የእኔ ከነፍሬሙ 170 ኪሎ ነው። 400 ኪሎ ጥቅል ሲጨመር 570 ሆነ። ከ650 በታች ነው ብዬ ልጽናና ስል ሌላው ነገር መጣ፤ በጎኑ በኩል ያነሳሁት ጥቅል መሐሉ ያለው 50 ሴንቲሜትር ላይ ሳይሆን ቢያንስ 75 ላይ ነው። ጭነቱ በራቀ ቁጥር የሎደሩ አቅም ይወርዳል። እኔ ሹካ የምመርጥ መስሎኝ ነበር። የምመርጠው ግን ሸክሙ ከትራክተሩ ምን ያህል ይራቅ የሚለውን ነበር።

ይህ ከገባኝ በኋላም ሌላ ስህተት ሠራሁ (ሰው አንዴ ከተማረ አይሳሳትም ያለው ማነው?)። ባኬቱ ጠርዝ ላይ በብሎን የሚታሰር ጦር ገዛሁ። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ባኬቱን መፍታት አይጠይቅም። ግን አስቡት። ባዶውን ባኬት ተሸክሜ እየዞርኩ፣ ጥቅሉን ደግሞ በባኬቱ ጥልቀት ልክ ወደ ፊት ገፋሁት። ገና ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የባኬቱ ከንፈር እንደ ቆርቆሮ ተጣመመ፣ ጦሩም ወደ ጎን ማየት ጀመረ። ለቀላል እስር ይሆን ይሆናል። ለትልቅ ጥቅል ማንም እንዲገዛው አልመክርም። ይኸው ነው የሸጥኩት። ለምን እንደምሸጠውም ለገዢው ነግሬዋለሁ።

ሦስተኛው ራሱን የቻለ ጦር ነው። ከሎደሩ ጋር በቀጥታ የሚያያዝ ፍሬም፣ መሐሉ ላይ አንድ ረጅም ጦር፣ ከሥሩ ደግሞ 40 ሴንቲሜትር ገደማ የሆኑ ሁለት ትንንሽ ጦሮች አሉት። ትንንሾቹ ጌጥ እንዳይመስሏችሁ። ክብ ነገር በአንድ ጦር ላይ ሲሰካ እንደ ጎማ ይሽከረከራል፤ እነሱ ናቸው የሚይዙት። ጥቅሉ ከፍሬሙ ጋር ተጣብቆ ስለሚቀመጥ መሐሉ ከፍሬሙ 60 ሴንቲሜትር ላይ ይሆናል፣ ዕቃው ራሱም ከፓሌት ሹካው በጣም ይቀላል።

አወጋጉን ለመልመድ ጊዜ ወስዶብኛል። ጥቅሉን በጠፍጣፋው ፊቱ ነው የምወጋው፤ ገመዱም መረቡም የሚዞረው በክቡ ጎን ስለሆነ ፊቱን ብትወጉ አይቆረጥም። ጦሩን አግድም አስተካክዬ፣ ከመሐሉ ጥቂት ከፍ ባለ ቦታ ላይ ጫፉን አነጣጥራለሁ። ከፍ ማድረጌ ጥቅሉ ከጦሩ በታች ተንጠልጥሎ እንዲረጋ ነው፤ ከመሐሉ ዝቅ ብሎ የተወጋ ጥቅል መዞር ይፈልጋል። ከዚያ በዝግተኛው ማርሽ ቀጥ ብዬ እገባለሁ። መጀመሪያ ጫፉ ሲነካ ጥቅሉ ትንሽ ያፈገፍጋል። ቀጥሎ "ክሽሽሽ" የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ጦሩ በድርቆሹ ንብርብር መሐል እየሄደ ነው። ድምፁ ካልመጣና ጥቅሉ ብቻውን ወደ ፊት ከሄደ፣ ጦሩ ተጣምሟል ወይም እናንተ አዘንብላችኋል። መጨረሻ ላይ ትንንሾቹ ሲገቡ ሌላ ወፈር ያለ ድምፅ አለ። ፍሬሙ ፊቱን እስኪነካ አልቆምም። ግማሽ መንገድ የገባ ጦር ከምንም ይብሳል።

ጥቅሉ እንደተሠራበት ማሽንም ይለያያል። የውስጡ ስፋት ቋሚ በሆነ መጠቅለያ ማሽን የተሠራ ጥቅል ልቡ ለስላሳ ነው፣ ጦሩ ቅቤ ውስጥ እንደገባ ቢላ ይሄዳል፣ ሲይዝ ግን ላላ ይላል። ጥቅሉ እያደገ ሲሄድ አብሮ በሚሰፋው ዓይነት የተሠራው ደግሞ ከመሐሉ ጀምሮ ጠንካራ ነው። ያኛው ትራክተሩን ይፈትናል፣ አንዴ ከገባ ግን ንቅንቅ አይልም።

የጦሩን ርዝመት ከጥቅሉ ስፋት አሳንሱ። የእኔ ጥቅል 1.2 ሜትር ነው፣ ጦሬ 1 ሜትር ገደማ። የሚረዝመውን ከወሰዳችሁ ጫፉ በወዲያ በኩል ይወጣና ስትቆልሉ ቀጣዩን ጥቅል ይወጋል። ስትመለሱ ሁለቱም ተያይዘው ይመጣሉ። ስትገዙ ደግሞ የተቀጠቀጠ ብረት መሆኑን፣ ሾጣጣ መቀመጫው ውስጥ ገብቶ ከኋላ በዳዶ የሚጠበቅ መሆኑን እዩ። ፍሬሙ ላይ እንዲሁ የተበየደ ጦር ሲሰበር የሚሰበረው ብየዳው ጥግ ላይ ነው፤ መለወጥም አይመችም። የሎደራችሁን ማያያዣ ዓይነት ሳታረጋግጡ ገንዘብ አትክፈሉ። ስኪድ ስቲር የሚባለው ትንሽ ጫኝ ማሽን የሚጠቀምበት ዓይነት አለ፣ ዩሮ የሚባለው ዓይነት አለ፣ የየፋብሪካው የራሱ አለ፤ አንዱ ሌላው ላይ አይገባም።

ወደ ኋላ እንመለስ፣ ወደ ሽማግሌው ጥያቄ። ፊት ላይ ጥቅል ሲነሳ የኋላ ጎማዎች ይቀልላሉ። ብዙ ትራክተሮች ፍሬናቸው ኋላ ጎማ ላይ ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ የቀለለ ጎማ ፍሬን ቢያዝ ይንሸራተታል እንጂ አያቆምም። ፎር ዊሉን ማስገባት ፊቱንም ስለሚያስይዝ ይረዳል፣ ክብደትን ግን አይተካም። እኔ ከኋላ ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣው ላይ ሁለተኛ ጦር ገጥሜያለሁ፤ እዚያ የሚሰካው ጥቅል ራሱ ሚዛን ይሆነኛል፣ በአንድ ጉዞም ሁለት እወስዳለሁ። ቅደም ተከተሉ ግን አይዛባ፦ ስትጭኑ የኋላውን ቀድሙ፣ ስታወርዱ የፊቱን ቀድሙ። ፒኑን ለኩ፤ ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ በመጠኑ በምድብ ይከፈላል፤ የታችኞቹ ክንዶች ቀዳዳ በምድብ 1 ለ22 ሚሊሜትር፣ በምድብ 2 ለ28 ሚሊሜትር ፒን ነው። የማይመጥን ፒን በሽቦ አስሬ የሄድኩበት ቀን አለ። አይደገምም።

በፕላስቲክ የተሸፈነው እርጥብ ጥቅል ላይ ጦር አይሠራም። ቀዳዳ ማለት አየር፣ አየር ማለት ሻጋታ ነው። ለሱ የሚሆነው ጥቅሉን ከግራና ከቀኝ የሚያቅፈው ባለ ሃይድሮሊክ መቆንጠጫ ነው። ተውሼ ሦስት ቀን ሠርቼበታለሁ። ይጥማል። ግን ሎደሩ ተጨማሪ የሃይድሮሊክ መስመር ይፈልጋል፣ ዕቃው ራሱ 280 ኪሎ ነበር፣ እርጥቡ ጥቅል ደግሞ 1.2 በ1.2ውም ቢሆን ከ500 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ደምሩት። የእኔ ሎደር ከመሬት ብድግ አደረገው፣ ከጉልበት በላይ ግን ማንሳቱን እኔው ፈራሁ። ስለዚህ ትልቅ ትራክተር እስክይዝ እርጥብ ጥቅል አልሠራም።

አሁን የፓሌት ሹካው ለእንጨትና ለከረጢት ነው። ጦሩ ለደረቁ ጥቅል። ስጓዝ ጥቅሉ ከጉልበት ከፍታ አይበልጥም፤ ከፍ የማደርገው ቁልሉ ፊት ከቆምኩ በኋላ ብቻ ነው፣ ዓይኔም ጦሩ ላይ ነው። ሳቆም ጫፉን መሬት ላይ አሳርፌ፣ ያረጀ ቢጫ ጀሪካን ቆርጬ አለብሰዋለሁ። ትናንት በጨለማ ስመለስ ከሩቅ የታየኝ እሱ ብቻ ነበር።