መውጫውን ራሱ የዘጋው ሹፌር

አዳማ ውስጥ በአንድ የጭነት ድርጅት የስምሪት ሠራተኛ ነኝ። ሌሊት ተረኛ ስሆንና ግቢው ጭር ሲል ስልኬ ላይ የቼዝ እንቆቅልሽ እፈታለሁ። የምወደው «ሄልፕሜት» የሚባለውን ነው። በዚህ ዓይነቱ ጥቁርና ነጭ ባላንጣ አይደሉም። ተራ በተራ እየተንቀሳቀሱ፣ ተባብረው፣ የጥቁሩን ንጉሥ ማት ያደርሱታል፤ ማት ማለት ንጉሡ ተጠቅቶ ማምለጫ ሲያጣ ነው። እንደ ደንቡ የሚጀምረው ጥቁሩ ነው፤ ለገዛ ንጉሡ ማት መንገድ የሚጠርገው እሱ ነው ማለት ነው። ጀርመናዊው ማክስ ላንገ እንደ ፈረንጆቹ በ1854 የመጀመሪያውን አወጣ፤ ጥቁሩ እንዲቀድም ያደረገው ግን አሜሪካዊው ሳም ሎይድ ነው፣ በ1860። ጥሩ ሄልፕሜት ደራሲው ካሰበው ሌላ መፍትሔ ሊኖረው አይገባም። እርምጃዎቹ ትክክል ሆነው ቅደም ተከተላቸው ከተዛባ ማት የለም።

መጀመሪያ ያጋጠመኝ እንቆቅልሽ ከሁሉ የሚቀለው ነበር፤ ጥቁሩ አንድ እርምጃ፣ ነጩ አንድ እርምጃ፣ አለቀ። የጥቁሩ ንጉሥ የሰሌዳው ጥግ ኤች8 ላይ (ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ይናገራል)፣ ወታደሮቹ ጂ7 እና ኤች7 ላይ፣ ሮኩ (በቀጥታ መስመር የሚሄደው ግንብ) ዲ8 ላይ ናቸው። ነጩ ፈረስ ጂ5 ላይ፣ ንጉሡ ኤ1 ላይ። ሌሊቱን ሙሉ ታገልኩት። ሮኩን ወደ ዲ1 እያወረድኩ ነጩን ንጉሥ ቼክ እላለሁ፣ ማለትም አጠቃዋለሁ፤ እጄ የለመደው መዋጋት ነዋ! ሊነጋጋ ሲል ነው ሮኩን ጂ8 ላይ፣ ከንጉሡ አጠገብ ያስቀመጥኩት። ንጉሡ የነበረችው አንዲት ማምለጫ በገዛ ሮኩ ተዘጋች። ፈረሱ ኤፍ7 ላይ ሲያርፍ ማት ሆነ። ለካ ያንን ሮክ ሌሊቱን ሙሉ በተሳሳተ ዓይን ነበር ያየሁት።

የሥራው ነገር የመጣው ባለፈው ግንቦት ነው። ማዳበሪያ በብዛት የሚገባበት፣ ሁሉም ሰው የሚሯሯጥበት ወቅት ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ 400 ኩንታል ዩሪያ ማዳበሪያ የጫነ ባለ ተሳቢ መኪና በግቢያችን በር ገባ። ግቢው ጠባብ ነው፤ ሁለት መኪና ጎን ለጎን አያሳልፍም። መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ደግሞ ያራገፈ ባዶ ተሳቢ አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሮ ቆሟል፤ ሹፌሩ ወጥቶ ጠዋት ሞጆ የጭነት ተራ ሊይዝ ይቸኩላል። የጫነው ወደ ኋላ ልውጣ ቢል በጨለማ፣ የጅቡቲ መኪኖች በሚከንፉበት አስፋልት ላይ ነው የሚወጣው። በዚህ ላይ ሰማዩ ይጉረመረማል። ዩሪያ እርጥበት ከነካው ይጓጉላል፣ ድንጋይ ይሆናል።

የመጋዘኑ ኃላፊ ከውስጥ ጮኹ፦ «አንተ ልጅ፣ ማዳበሪያዬ ሊበሰብስ ነው! መኪናህን ወደ ኋላ አስወጣልኝ!»

«ጋሼ፣ ደጃፉን የያዘው እርስዎ ያላስወጡት ባዶ መኪና ነው» አልኳቸው። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር። አባቴ በሚሆኑ ሰው ላይ፣ በጫኝና አውራጆቹ ፊት። እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

እኛ ስንጨቃጨቅ ሁለቱ ሹፌሮች ሊረዱን አሰቡ። የጫነው ግድግዳውን ተጠግቶ ሊያሳልፍ ሞከረ፤ ባዶውም በዚያው ቅጽበት፣ በዚያው በኩል ወደ ፊት ነዳ። ሚዛኑ አጠገብ አንድ ስንዝር ሲቀራቸው ረዳቶቹ ጮኸው አስቆሟቸው። ሁለቱም በቅን ልብ ነበር። በአገራችን ባህላዊ ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ መጀመሪያ ላይ «ወረራ» አለ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ይንቀሳቀሳሉ። ለውጊያ ዝግጅት ያምራል። በጠባብ ግቢ ውስጥ ለሚረዳዳ ሰው ግን አይሆንም፤ መረዳዳት ተራ ይፈልጋል።

ያን ጊዜ ነው ሮኩ ትዝ ያለኝ። እስከዚያ ሁላችንም ባዶውን መኪና እንዴት እናስወጣው እያልን ነበር። ግን መውጣቱ ለምን? ከመጋዘኑ ጀርባ የሞተ ጥግ አለ፣ የእንጨት ፓሌት የሚከመርበት። ባዶው ወደ ኋላ ሄዶ እዚያ ቢገባ ደጃፉ ይለቀቃል። እሱ ግን የጫነው አራግፎ እስኪወጣ ይታሰራል፤ የሞጆ ተራውም ያልፈዋል።

መጀመሪያ ወደ ጋሼ ሄድኩና ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ከዚያ «ፓሌቱን ያስነሱልኝ?» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ልጆቹን ጠርተው ራሳቸውም አንድ ጫፍ ያዙ። ቀጥዬ ወደ ባዶው ሹፌር። የሚከብደው ጥያቄ እሱ ጋ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ሲገላገል ሌሊቱን የሚያጣው እሱ ብቻ ነው። ምንም ሳልሸፋፍን ነገርኩት። ሰማዩን ቀና ብሎ አየና «ገበሬው የሚጠብቀው እኮ ነው» ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

ጥጉ ውስጥ እስኪገባ ሌላ ማንም እንዳይንቀሳቀስ አደረግን። ከዚያ የጫነው ቀስ ብሎ ደጃፉን ያዘ። ዝናቡ ሲጀምር ተሳቢው ተራግፎ የፊተኛው ግማሽ ቀርቶ ነበር፤ በሸራ እየሸፈንን ጨረስነው።

ባዶው ከጥጉ የወጣው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። ቅጹ ላይ ያቺ ሌሊት «መዘግየት» ተብላ ብትመዘገብ ከአበሉ ትቀነስበታለች። «በሥራ ላይ» ብዬ ጻፍኩና ወረቀቱን ወደ መጋዘን ይዤ ሄድኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፣ ከእኔ ስም ሥር ፈረሙ፣ «ሻይ ጠጥቶ ይሂድ በለው» አሉኝ።