ሳይነካ የሚመለሰው ሾርባ

ጀርመን፣ ዱስልዶርፍ ውስጥ የጃፓን ቁርስ የሚሠራበት ዕቃ አይታጣም። ኢመርማን ጎዳና ላይ ባሉት የጃፓን መደብሮች ሚሶው (ሾርባው የሚሠራበት የተብላላ የአኩሪ አተር ሊጥ)፣ አጭር ፍሬ ሩዙ፣ በረዶ ሆኖ የሚሸጠው ናቶ፣ ማለትም የተብላላው የአኩሪ አተር ፍሬ፣ ሳይቀር ይገኛል። እዚያው ከተማ ያለ አንድ ሆቴል ሁሉንም ገዝቶም ቁርሱን ማስበላት አቃተው፤ ለሥራ የመጡት ጃፓናውያን ሾርባውን እንዳለ ይመልሱት ነበር።

ወጥ ቤቱ ሚሶውን ጠርጥሮ በውድ ቀየረው፤ ለውጥ የለም። ጥፋቱ ቡፌው ላይ ነበር፦ ሾርባው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ማሞቂያ ላይ ይንተከተካል። ሚሶ ከተጨመረበት በኋላ ሲፈላ መዓዛው ይጠፋል፤ ውኃው እየተነነ ሲሄድ ደግሞ ጨው ጨው ይላል።

ስለዚህ ሥራው ለሁለት ተከፈለ። ዳሺ የሚባለው መረቅ ከዋዜማው ይሠራል። 10 ግራም ኮምቡ፣ ማለትም የደረቀ የባሕር አረም፣ በ1 ሊትር ውኃ ግማሽ ሰዓት ተነክሮ በቀስታ ይሞቃል፤ ሊፈላ ሲል ይወጣል፤ ከፈላ ይዝለገለጋል። ውኃው ብቻውን ፈልቶ እሳቱ ሲጠፋ፣ በጢስ ደርቆ በስሱ የተላገው ዓሣ፣ ካትሱኦቡሺ፣ 20 ግራም ይጨመራል። ከ2 ደቂቃ በኋላ ሳይጨመቅ ተጣርቶ፣ ቶሎ ቀዝቅዞ ፍሪጅ ይገባል። (ለጾመኛ ከሆነ በካትሱኦቡሺው ፋንታ የደረቀ የሺታኬ እንጉዳይ፤ የጃፓን ቡዲስት መነኮሳት እንዲህ ነው የሚሠሩት።)

ዳሺውም መጀመሪያ ውኃ ውኃ ብሎ ነበር። የጃፓን የቧንቧ ውኃ በአብዛኛው ለስላሳ ነው፤ የዱስልዶርፉ ግን ካልሲየም ስለሚበዛበት የኮምቡ ጣዕም በደንብ አይወጣም። ለቡና ማሽኑ ከተገጠመው ማጣሪያ መቅዳት በቂ ሆነ።

ጠዋት የሚሞቀው ለ10 ሳህን የሚበቃው ብቻ ነው። ቶፉው (የአኩሪ አተር አይብ) ገብቶ እሳቱ ይጠፋል፤ ለ200 ሚሊ ሊትር 1 የሾርባ ማንኪያ ሚሶ በወንፊት ውስጥ እየታሸ ይሟሟል። ሲያልቅ ሌላ ይሠራል። አስተናጋጆቹ ሥራ በዛብን ማለታቸው አልቀረም፤ እውነታቸውን ነው።

ሩዙ 3 ወይም 4 ጊዜ ታጥቦ ግማሽ ሰዓት ይነከራል፤ ለ1 ኩባያ 1.2 ኩባያ ውኃ ይበቃዋል። በስሎ 10 ደቂቃ አይከፈትም። ባስማቲ አይተካውም፤ ስለማይያያዝ በቾፕስቲክ፣ በመብያ እንጨቶቹ፣ አይነሳም።

ቡፌው ላይ የነበረው ጢስ የገባው ሳልመን የሌላ ቁርስ ነው። ጥሬው በክብደቱ 3 በመቶ ጨው ተነስንሶበት ፍሪጅ ያድርና፣ ጠዋት እርጥበቱ ተጠርጎ ይጠበሳል። የናቶው በረዶ ደግሞ በማይክሮዌቭ መቅለጥ የለበትም፤ ማታ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ ማውረድ ነው። ሽታው ስለሚከብድ እንደታሸገ ቀርቦ እንግዳው ራሱ ቢያማስለው ይሻላል።