ሲሞቅ የሚጠፋው ቮልስ

መኪናው የ1972 ሞዴል ቮልስ ነው፤ 1300 ሞተር፣ ባለ 12 ቮልት። ጠዋት ቁልፉ እንደዞረ ይነሳል። የቤዛዊትን ዳገት ወጥቶ ሲመለስ ወይም በገበያ ቀን ከባጃጅ ጋር ሲንፏቀቅ ቆይቶ ግን ድርግም ይላል። ግማሽ ሰዓት ከቆመ እንደገና ይነሳል። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ባህር ዳር ወዳለው ጋራዥ የመጡት ሌላ ቦታ የቤንዚን ፓምፕ አስቀይረው፣ ካርቡራተር አሳጥበው ነው።

«ልጄ፣ ቤንዚኑ እየፈላ ነው እኮ። ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ሳደርግለት ይነሳል» አሉት መካኒኩን።

ነገሩ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ቤንዚን በቀላሉ ይተናል፤ በሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ይብሳል። ግን ጨርቁ ያለ ሥራው ተመስግኗል። ጨርቁ ተነክሮ፣ ተደርጎ፣ ተጠብቆ እስኪነሳ ድረስ ኮይሉም (የባትሪውን ቮልት ለሻማ ብልጭታ እንዲበቃ የሚያሳድገው ዕቃ) አብሮ ይበርዳል።

አጠፋፉ ራሱ ይናገራል። ቤንዚን ያጣ ሞተር ይንተፋተፋል፣ ጉልበቱ እየደከመ ይሄዳል። ይኼኛው ቁልፍ የተዘጋበት ይመስል ባንዴ ነው ጸጥ የሚለው። መካኒኩ መኪናውን እስኪጠፋ ድረስ ነዳው፤ እንደጠፋም ሳይበርድ የካርቡራተሩን የጋዝ ክንፍ በእጁ ገፋ። ቤንዚን ቀጥ ብሎ ተረጨ። የቤንዚኑ ክርክር እዚያው አለቀ።

ከዚያ ወደ ኮይሉ ዞረ፤ ቮልስ ላይ ኮይሉ የሚታሰረው ከሞተሩ ማራገቢያ ቆርቆሮ ጋር ነው። ቁልፉን ከፍቶ መሞከሪያ አምፖሉን 15 የሚል ቁጥር ያለበት ጫፍ ላይ ሲያደርግ በራ፤ ኮይሉ መብራት ያገኛል ማለት ነው። 1 ቁጥር ላይ አድርጎ ሞተሩን ሲያስመታ ብልጭ ድርግም አለ፤ እሳቱን ለየሻማው የሚያዳርሰው የዲስትሪቢዩተሩ ፖይንት (የኮይሉን መብራት የሚቆርጥና የሚቀጥል ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ) ይከፍታል ይዘጋል። የመሀሉን ወፍራም ሽቦ ከዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ነቅሎ፣ ጎማ በለበሰ ፒንሳ ይዞ፣ ከሞተሩ ብረት 6 ሚሊሜትር ያህል አራቀው። (ባዶ እጅ አይሞከርም፤ የፈሰሰ ቤንዚን ባለበትም እንዲሁ።) ሰማያዊ ብልጭታ ጠጥ ጠጥ ማለት ሲገባው ምንም የለም።

ኮይሉ ግን በብርዱ ሲለካ ጤነኛ ነበር፦ በ15 እና በ1 መካከል 3.2 ኦም (ኦም ሽቦ መብራትን የሚቋቋምበት መለኪያ ነው)፣ ከመሀሉ ቀዳዳ እስከ 1 ድረስ 8,900 ኦም። ሁሉንም ያሳሳተውም ይኼ ልክ ነው። ሽቦዎቹ ተነቅለው በትኩሱ ሲለካ የመጀመሪያው 3.8 አለ። ይህ አያስደነግጥም፤ መዳብ በሞቀ ቁጥር ኦሙ ይጨምራል። ሁለተኛው ግን አንዴ ቁጥር ያሳያል፣ አንዴ ጭራሽ ይቆረጣል። ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ተበጥሷል፤ ሲበርድ ጫፎቹ ይነካካሉ፣ ሲሞቅ ይላቀቃሉ። ጋራዡ ያለው ደህና ኮይል በጊዜያዊነት ሲታሰርለት ሞተሩ ሳይበርድ ተነሳ።

የመምህሩ የእህት ልጅ አዲስ ኮይል ገዝቶ መጣ። ላዩ ላይ 12 ቮልት ይላል። መካኒኩ ከማሰሩ በፊት ለካው፤ 1.6 ኦም።

«ጋሼ፣ ይኼ ይመለስ። የእርስዎን መኪና ፖይንት ይፈጅብዎታል።»

እንዲህ ያለው ኮይል የሚሠራው መስመሩ ላይ ለብቻው መብራቱን የሚቀንስ መከላከያ ሬዚስተር ላላቸው መኪኖች ነው። ቮልስ ደግሞ ያ የለውም። ሞተሩ ሲሠራ ባለው 13.8 ቮልት፣ 3.2 ኦም ያለው ኮይል 4.3 አምፔር ያህል ሲስብ 1.6 ያለው 8.6 ይስባል፤ ፖይንቱ ይቃጠላል፣ ኮይሉም ይጋላል። በምትኩ ባለ 3 ኦሙ መጣ። ፖይንቱና ኮንደንሰሩም (ፖይንቱ ሲከፈት ብልጭ ብሎ እንዳይቃጠል የሚጠብቀው ዕቃ) አብረው ተቀየሩ፤ የፖይንቱ ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር ተደረገ። ኮንደንሰር ርካሽ ነው፣ ሲሞቅም እንደ ኮይል ያታልላል፤ አሮጌውን መተው ቁጠባ አይደለም።

የቀረው የመጀመሪያው ኮይል ምን አቃጠለው የሚለው ነው። መምህሩ ማታ ማታ ጣና ዳር መኪናቸውን አቁመው ሬዲዮ ያዳምጣሉ፤ ሬዲዮው ደግሞ ቁልፍ ካልተከፈተ አይሠራም። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፍ ተከፍቶ ሲቆይ፣ ፖይንቱ በተዘጋበት ቦታ ከቆመ ኮይሉ ያለ እረፍት መብራት ይጠጣል፤ ማራገቢያውም ስለማይዞር የሚያበርደው ነፋስ የለም። ለሬዲዮው ከባትሪው ቀጥታ አዲስ ሽቦ ተዘረጋለት፤ ባትሪው ጋ ባለ 5 አምፔር ፊውዝ ገባለት።